ቁልፉን ማን አቀበለው? የአንድ ረጅም ክር ውሎ ከጅማ

ጅማ ውስጥ ያለን መጽሐፍ ወዳዶች አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ብዙ ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። አንዱ መጽሐፍ ያፈላልጋል፣ ሌላው የቡና ዋጋ ይጠይቃል። ዓርብ ጁምዓ ሙባረክ፣ እሁድ መልካም ሰንበት ይባባላል። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ጥያቄ ተለጠፈና ቤቱ ተንጫጫ። ላልነበራችሁ ሰዎች የተባለውን በየተራ ቁጥሩ ልንገራችሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ ግሩፑ የግል ነው። የራሴን ሐሳብ ግን በየመሐሉ ጣል ማድረጌ አይቀርም። የውጭ አገር ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛው በእኛው።

መነሻውን ፖስት የጻፈው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ የሚያስተምር ወጣት ነው። ጨዋ ልጅ ነው። ጥያቄ አስመስሎ ያቀረበው ነገር ግን በደንብ የታሰበበት ክስ ነበር። አምባገነን የሚወጣው ከተራበና ካልተማረ ሕዝብ መሐል ነው ይላል። ጀርመኖች በ1923 ዳቦ ለመግዛት ገንዘብ በጋሪ ሲገፉ ኖረው ሂትለርን መረጡ። እኛም በወሎ ረሃብ ማግስት ደርግን በእልልታ ተቀበልን። ስለዚህ ጥፋቱ የሕዝቡ ነው፤ ሳይማር ምርጫ ምን ይሠራለታል ብሎ ደመደመ። ከሥሩ የግሩፑን ሕግም አስታወሰ፤ የዛሬ ፖለቲካ አይነሳም።

1ኛው መልስ ልጁን መርቆ ተስማማ። 2ኛውም ተስማማና ወጣቱ ቲክቶክ ላይ ስለተጣደ ነው ሲል የራሱን ብሶት ጨመረበት። ላይኩ ዘነበ። እስካሁን ሁሉም ሰላም ነው።

3ኛው መልስ ነገሩን አደፈረሰው። ጸሐፊው የሒሳብ ሰው ነው፤ ቁጥር ሲዛባ እንቅልፍ አይወስደውም። በትሕትና ጀምሮ ገንዘቡ በጋሪ የተገፋው በ1923፣ ሂትለር ሥልጣን የያዘው በ1933 መሆኑን አስታወሰ። በመሐሉ አሥር ዓመት አለ። ጋሪው ከቆመ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1928 ምርጫ፣ የናዚ ፓርቲ ያገኘው ድምፅ 2.6 በመቶ ብቻ ነበር። በፓርላማው 12 ወንበር። በዚያን ጊዜ ሰው እንደ ቀልድ ነበር የሚያያቸው። ያነሳቸው የዋጋ ንረቱ አይደለም፤ ከ1929 በኋላ የመጣው የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ነው። በ1932 መጀመሪያ ሥራ ፈቱ 6 ሚሊዮን ደርሷል።

4ኛው ላይ ጠያቂው ተመለሰ። ዓመቱን ተቀበለ፣ ሐሳቡን ግን አልለቀቀም። ጋሪም ሆነ ሥራ ማጣት፣ ያው ረሃብ ነው አለ።

5ኛውን የጻፈችው ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። ከሌሊት ተረኛነት ወጥታ እንደጻፈች ትናገራለች፤ ፊደሎቿም ይመሰክራሉ። ሥራ የፈታው ጀርመናዊ በብዛት ያዘነበለው ወደ ኮሙኒስቶቹ እንጂ ወደ ናዚ አልነበረም ትላለች። ናዚን በብዛት የመረጠው የፕሮቴስታንቱ ገጠር፣ ትንንሹ ባለሱቅና የቢሮው ሠራተኛ ነው። ገና ያልተራበ፣ ነገር ግን እንዳልራብ ብሎ የፈራ ሰው። ስለ መማሩ ደግሞ ዩኒቨርሲቲውን እዩ አለች። የናዚ ተማሪዎች ማኅበር የጀርመን ተማሪዎችን ኅብረት የተቆጣጠረው በ1931 ነው፤ ሂትለር መንግሥት ከመያዙ ሁለት ዓመት ገደማ ቀድሞ። በግንቦት 1933 መጽሐፍ በየአደባባዩ ያቃጠሉትም መሃይሞች አልነበሩም፤ ተማሪዎች ናቸው። በመጨረሻ የራሷን ሙያ ነካች። ሐኪሞች ፓርቲውን የተቀላቀሉት ከብዙው ሙያ በላቀ ብዛት ነው።

6ኛው መልስ አጭር ስድብ ነበር። ስለ ዲግሪ ነው። እንዝለለው።

7ኛው የጋሼ ነው። ጋሼ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ግሩፑ ውስጥ አንቱ የማይላቸው የለም። ስልክ ላይ በአንድ ጣት ስለሚጽፉ መልሳቸው ተቆራርጦ ነው የሚመጣው፣ ሰውም እስኪጨርሱ ይጠብቃል። እኔ ከክሩ ሁሉ አንድ መልስ ምረጥ ብባል ይህንን እመርጣለሁ።

ጋሼ የምርጫውን ቁጥር አንድ በአንድ አስቀመጡ። በ1930፣ 18.3 በመቶና 107 ወንበር። በሐምሌ 1932፣ 37.3 በመቶና 230 ወንበር። እዚህ ላይ ቆም አሉና ወደ ኅዳር 1932 ተሻገሩ። የናዚ ድምፅ ወደ 33.1 በመቶ ወረደ። 34 ወንበር አጡ። ያውም በዚያው ዓመት ሂትለር ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ በሂንደንቡርግ ተሸንፏል። የፓርቲው ካዝና ተራቁቷል። ከቁንጮዎቹ አንዱ፣ ግሬጎር ሽትራሰር፣ በታኅሣሥ ኃላፊነቱን ጥሎ ወጥቷል። ጋዜጦች ይህ ሰው አለቀለት ማለት ጀምረዋል። ታዲያ እየወረደ ያለ ፓርቲ በሁለት ወር ውስጥ እንዴት ቤተ መንግሥት ገባ?

መልሱ ምርጫ ጣቢያ የለም ይላሉ። ፍራንዝ ፎን ፓፐን የሚባል ከሥልጣን የወረደ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። ቦታውን የወሰደበትን ሽላይኸርን መበቀል ይፈልጋል። ድምፅ የሌለው ሰው ነው፤ የሽማግሌው ፕሬዚዳንት የሂንደንቡርግ ጆሮ ግን አለው። ሂትለር ደግሞ ድምፅ አለው፣ ጆሮ የለውም። ጥር 4 ቀን 1933 ኮሎኝ ከተማ፣ አንድ ባንከኛ ቤት ውስጥ ተገናኙ። ከዚያ ሽማግሌውን የማግባባቱ ሥራ ቀጠለ። ጥር 30 ቀን ሂትለር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ማለ። በካቢኔው ውስጥ እሱን ጨምሮ ናዚዎች ሦስት ብቻ ነበሩ። ሌላው ወንበር የፓፐንና የወዳጆቹ ነው። ሰውየውን ቀጥረነዋል፣ በሁለት ወር ውስጥ ጥግ እናስይዘዋለን ብለው ነበር ያሰቡት። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ፓርላማው ሕግ የማውጣት ሥልጣኑን ለሂትለር አስረከበ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ብለው ጋሼ ዘጉ።

8፣ 9 እና 10 ማረፊያ ናቸው። አንዱ አጨበጨበ፣ አንዱ ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮ ካለ ሊንኩን ላኩልኝ አለ፣ አንዱ የታጠበ ቡና ስንት ገባ ብሎ ጠየቀ። ይህ ሦስተኛው ሰው ክሩ እስኪያልቅ አልለቀቀንም።

11ኛው ላይ ድምፁ ጠነከረ። የሕግ ተማሪ ነው። ጋሼን በአክብሮት ጠርቶ ጥፋቱን ሁሉ አንድ ፓፐን ላይ ጭነው ሕዝቡን ነፃ አወጡት ሲል ከሰሳቸው። በሐምሌ 1932 ናዚን የመረጠው ሰው ከ13 ሚሊዮን በላይ ነው። ይህ ሁሉ ሰው ሕፃን አልነበረም። ያ ድምፅ ባይኖር ፓፐን ሂትለርን ምን ብሎ ይፈልገዋል? ይህ እውነት አለው። እኔም ላይክ አድርጌዋለሁ።

12ኛው የጋሼ መልስ ነው፤ አጭርና ትንሽ ኮስተር ያለ። ከመቶ 37 ካልን 63ቱስ? በኅዳር 1932 ሶሻል ዴሞክራቶቹ 121፣ ኮሙኒስቶቹ 100 ወንበር ነበራቸው። ሲደመር 221፤ ከናዚዎቹ 196 ይበልጣል። ግን አይደመርም። ኮሙኒስቶቹ ሶሻል ዴሞክራቶቹን ፋሺስት እያሉ ይሰድቡ ነበር፣ ያውም ከሞስኮ በመጣ መመሪያ። እነዚያም እነዚህን በሩቁ ይሸሿቸዋል። ሁለቱም መጨረሻ ላይ አንድ እስር ቤት ተገናኙ።

13ኛው ከፈረንጅ አራዳ መጣ። ሞባይል ጠጋኝ ነው፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ታሪክ ያነባል። ስለ ጀርመን ብቻ ለምን ይወራል፣ እኛን የወረረን ሌላው አይደለም ወይ አለ። ሙሶሊኒም ያው ነው ይላል። በ1921 ምርጫ ፋሺስቶቹ ፓርላማ የገቡት 35 ሆነው ነው፤ ያውም ሊበራሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆሊቲ በራሱ የምርጫ ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸው። ጆሊቲም እገራቸዋለሁ ብሎ ነበር ያሰበው። በጥቅምት 1922 ጥቁር ሸሚዝ የለበሰው ሰልፈኛ ወደ ሮም ሲሄድ መንግሥት የወታደራዊ አዋጅ ወረቀት አዘጋጀ። ንጉሡ ቪክቶር ኢማኑኤል አልፈርምም አለ። ሙሶሊኒ ሰልፉ ውስጥ እንኳ አልነበረም፤ ሚላን ተቀምጦ ወሬ ይጠብቃል። ንጉሡ ሲጠራው የሌሊት ባቡር ተሳፍሮ ሮም ገባና ሥልጣኑን ተረከበ። ከ13 ዓመት በኋላ ጦሩ እኛ ጋ ደረሰ። ጅማም ጣሊያን አገራችንን ከከፈለባቸው ግዛቶች የአንዱ ዋና ከተማ ሆነች፤ በእኛ አቆጣጠር እስከ ሰኔ 1933።

ከዚህ በኋላ ክሩ ሳተ። 14ኛው ጣሊያን ባይመጣ ኖሮ መሐል ከተማ ያሉትን የድንጋይ ሕንፃዎች ማን ይሠራልን ነበር አለ። 15ኛው ተቆጣ። የካቲት 12 ቀን 1929 አዲስ አበባ ላይ የፈሰሰውን ደም አስታውሶ ሲሚንቶው በስንት ሰው ነፍስ እንደተገዛ ጠየቀው። ጅማ ከጣሊያን በፊትም አገር እንደነበረች፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅሬን ላይ ቆሞ እንደሚታይ ጨመረ። 16ኛው ስለ ድሮ ሲኒማ ትዝታው አወራ። ደስ የሚል ነበር፣ ግን ከጉዳያችን አይገናኝም። 17ኛው አድሚኑ ነው፤ ወደ ርዕሱ ተመለሱ አለ።

18ኛው ላይ ጠያቂው ልጅ ጥሩ ቦታ ያዘን። እሺ፣ ጀርመንና ጣሊያን ቁልፍ ያዥ፣ በሩን ከውስጥ የከፈተ ሰው፣ ነበራቸው እንበል አለ። ደርግንስ ማን ጋበዘው? ማን መረጠው? ነገሩ የተጀመረው በጥር 1966 ነገሌ ቦረና ላይ ወታደሮች በምግብና በውሃ ብልሹነት ተማርረው አዛዣቸውን ሲይዙ ነው። ሰኔ 21 ከየክፍሉ የተላኩ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ተሰብስበው ደርግ ሆኑ። ከሻለቃ በላይ ማዕረግ ያለው አልነበረባቸውም። መንግሥቱም ከሐረር ሦስተኛ ክፍለ ጦር የመጣ አንድ ሻለቃ ነበር። መፈክሩ ያለ ምንም ደም የሚል ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ግን ስልሳ ሰው በአንድ ሌሊት ሞተ። ታዲያ የኛው ፓፐን ማን ነው?

19ኛው የኔ ነው። ሂሳዊ ድጋፍን አነሳሁ፤ መኢሶን ደርግን እየተቸ መደገፉን። መኢሶን ከአውሮፓ የተመለሱ፣ የበሰሉ ምሁራን ድርጅት ነበር። ወታደሮቹ ጠመንጃ እንጂ ሐሳብ የላቸውም፤ እኛ ከውስጥ ሆነን እንመራቸዋለን ብለው አሰሉ። ካድሬ አሠለጠኑላቸው፣ ቃላት ሰጧቸው፣ በሐምሌ 1967 አዋጅ የተቋቋመውን ቀበሌ አብረው አደራጁላቸው። መንግሥቱ በጥር 26 ቀን 1969 የደርጉን ሊቀመንበር ተፈሪ በንቲንና ሌሎቹን አስገድሎ ብቻውን ሲወጣም አብረውት ነበሩ። ነሐሴ 1969 ራሳቸው ሸሹ። ስሌቱ ከበርሊኑ ስሌት ጋር አንድ ነው አልኩ።

20ኛው እሳት ሆኖ መጣ። ጸሐፊው አጎቱ መኢሶን ውስጥ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲያም አልተመለሱም። ፓፐንና አጎቴን አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነውር ነው አለኝ። ፓፐን የፈለገው ወንበር ነው። እነዚያ የፈለጉት መሬት ለአራሹ ነው፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው። ዋናውም ነገር ይላል፣ ፓፐን ቁልፉ በእጁ ነበር፤ ሂትለር ያለ እሱ አይገባም። ደርግ ግን ቤቱን ሰብሮ ገብቶ ተቀምጧል። መኢሶን ደጁ ላይ ቆሞ ምን ዓይነት ቁልፍ ያቀብለዋል?

ይህን ያህል የታሰበበት ተቃውሞ ክሩ ውስጥ ሌላ አላየሁም። ያም ሆኖ ከአቋሜ አልወረድኩም። ጠመንጃ ቤተ መንግሥት ያስገባል፤ እያንዳንዱ ቀበሌ ድረስ ለመውረድ ግን ሰው፣ ቃልና መዝገብ ይፈልጋል። ያንን የሰጠው ወታደር አልነበረም። ይህንን እዚያው ጻፍኩለት። አልመለሰልኝም፣ ቢያንስ ያን ጊዜ።

ከ21 እስከ 24 ያለውን ባላነሳው ይሻላል። መኢሶንና ኢህአፓ ከ40 ዓመት በላይ ቆይተው እኛ ግሩፕ ውስጥ እንደገና ተታኮሱ። ማን ቀድሞ ተኮሰ፣ ማን ማንን ጠቆመ። አድሚኑ ሁለቱን አጠፋ፣ አንዱን ሰው ለአንድ ቀን ዝም አሰኘ።

በዚህ ሁሉ መሐል ነው 25ኛው የመጣው። እትዬ ናቸው፤ መርካቶ ሱቅ ያላቸው ሴት። ከዚህ በፊት መልካም በዓል ከማለት ውጭ ጽፈው አያውቁም። ስለ ሂትለር አላውቅም፣ ስለ እድራችን ግን ልንገራችሁ ብለው ጀመሩ።

የድሮ ሰፈራቸው እድር ነው። ሊቀመንበሩ ሽማግሌ፣ ገንዘብ ያዡ ነጋዴ፣ ሁለቱም ጊዜ የላቸውም። ጸሐፊው ግን ሁልጊዜ አለ። ትሑት ሰው ነው፤ ቁጭ ብድግ ያበዛል። መዝገቡን እሱ ይይዛል። ማኅተሙን በመሐረብ ጠቅልሎ በኮቱ የውስጥ ኪስ ይዞት ይዞራል። ቦታ ጠበበ ተብሎ ድንኳኑ፣ ድስቱና አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ እሱ ግቢ ገባ፤ ሰውም አመሰገነው። አንድ የሐምሌ እሁድ ዶፉ እየወረደ ስብሰባ ተጠራ። የመጣው ሰው አንድ አግዳሚ አልሞላም። ያን ቀን መተዳደሪያ ደንቡ ተሻሻለ። አመራሩ በየሁለት ዓመቱ ይመረጣል የሚለው አንቀጽ ወጣ። ፀሐይ ሲወጣ ሰዉ ቢጠይቅ ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል፣ ማኅተም አርፎበታል።

ከዚያ በኋላ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ጸሐፊው ቤት ደጅ መጥናት መጣ። አንድ ጎረቤት በስብሰባ ተነስቶ ተናገረ። እናቱ ባረፉ ቀን ድንኳኑ ተቀዶ ልብስ ሰፊ ጋ ሄዷል ተባለ። አልተቀደደም ነበር። ከዚያ ወዲያ የተናገረ የለም። ሁሉም እናት አለው። ሰውየው የወረደው ማንም አውርዶት አይደለም፤ ልጁ ጋ አዲስ አበባ ገባ። ማኅተሙም በኪሱ ሄደ። እድሩ አዲስ ማስቀረጽ ነበረበት።

26ኛው ሳቀ። 27ኛው፣ ያው የሒሳቡ ሰው፣ አልሳቀም። ስታሊን ማለት ይህ ሰውዬ ነው አለ። በ1922 የሩሲያ ኮሙኒስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ሲደረግ ትሮትስኪን የመሳሰሉ ተናጋሪዎች የወረቀት ሥራ አድርገው ነው ያዩት። እሱ ግን ማን የት እንደሚሾም የሚወስነውን መዝገብ ያዘ። በየጠቅላይ ግዛቱ የሾማቸው ሰዎች ኋላ ጉባኤ ላይ እጅ የሚያወጡ ሆኑ። ትሮትስኪን ለመጣል የረዱት ዚኖቪየቭና ካመኔቭ በ1936 ተረሸኑ። ትሮትስኪም በ1940 ሜክሲኮ ድረስ ተከታትለው ገደሉት።

28ኛው የሕግ ተማሪው ነው፤ እትዬን ላለማስቀየም በጣም ተጠንቅቆ። እድር ጠመንጃ የለውም አለ። ያኮረፈ ሰው ሌላ እድር ይገባል። ከአገር ግን ወዴት ይገባል? ከዚያ ያልተነሳ ነገር አነሳ፤ ዱላውን። ጣሊያን ውስጥ ከ1920 ጀምሮ ጥቁር ሸሚዞቹ በፖ ወንዝ ሸለቆ የገበሬና የሠራተኛ ማኅበራትን ቢሮ ሲያቃጥሉ ባለመሬቶቹ ገንዘብ ይሰጧቸው ነበር፣ ፖሊስም ዓይኑን ይጨፍን ነበር። ጀርመንም ውስጥ የናዚ ደብዳቢዎች መንገድ ላይ የነገሡት ከ1933 በፊት ነው። ሂትለር ራሱ በ1923 መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ አምስት ዓመት ተፈረደበት፤ በ1924 መጨረሻ ግን ተፈቷል። ዳኛው ራሩለት። ስለዚህ ቁልፍ ያዥ ስትሉ ዳኛውንና የፖሊስ አዛዡንም ቁጠሩ አለ። እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ሲጣላ የዋለው ልጅ የጋሼን ሐሳብ እያሰፋላቸው መሆኑን ያስተዋለ አልመሰለኝም።

29ኛው የነርሷ ነው። የሄይቲውን ፍራንሷ ዱቫሊየር አመጣች። ሐኪም ነበር፤ የገጠሩን ሰው የሚያቆስል የቆዳ በሽታ ለማጥፋት በዘመቻ ሲሠራ ስም ያወጣ። ዝምተኛ፣ መነጽራም። በ1957 ሠራዊቱ ደግፎት ተመረጠ፤ ይህ ለዘብተኛ ዶክተር ምን ያደርገናል ብለው። ከሠራዊቱ የሚፎካከር የራሱን ታጣቂ አደራጀ፣ መኮንኖቹን አንድ በአንድ አራገፈ፣ በ1964 የዕድሜ ልክ ፕሬዚዳንት ነኝ አለ። በ1971 ሲሞት ለ19 ዓመት ልጁ አወረሰ። ሐኪም ሁሉ ደግ አይደለም ብላ ለሥራ ባልደረቦቿ ላይክ እንዳያደርጉ ነገረቻቸው። ሁሉም አደረጉ።

30ኛው ጠያቂው ልጅ ነበር፤ ዝሎ የመጣ ይመስላል። እሺ፣ የቆመበት አገር አለ ወይ አለ። 31ኛው ላይ ጋሼ ሁለት አመጡለት። ቤልጂየም፣ 1937። ደግሬል የሚባል ወደ ፋሺስቶች ያዘነበለ ጎበዝ ተናጋሪ፣ ፓርቲው ከዓመት በፊት 21 ወንበር አግኝቶ፣ ብራስልስ ላይ ለማሟያ ምርጫ ቀረበ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቫን ዜላንድ ራሱ ሊገጥመው ወጣ። ካቶሊኩ፣ ሊበራሉ፣ ሶሻሊስቱ፣ ኮሙኒስቱ ሳይቀር የራሱን እጩ ትቶ ከእሱ ጋር ቆመ። ካርዲናሉም ደግሬልን በግልጽ አወገዙ። ደግሬል 19 በመቶ ገደማ ይዞ ተሸኘ። ሁለተኛው ፊንላንድ፣ 1932። የላፑአ ንቅናቄ የሚባሉ አክራሪዎች መንትሳላ ላይ ታጥቀው ሲሰበሰቡ ፕሬዚዳንት ስቪንሁፉድ በሬዲዮ ወደ ቤታችሁ ሂዱ አላቸው። ሰውየው ግራ ዘመም አልነበረም፤ ቀኝ ነው፣ ለሥልጣን የበቃውም እነሱ ደግፈውት ነው። ንቅናቄው ታገደ። ጋሼ እዚህ ላይ የጣሊያኑን ንጉሥ ብዕር አስታወሱ። አንዱ እምቢ ያለው ለመፈረም ነው፣ ሌላው ለመፍቀድ።

32ኛው ላይ ልጁ አሁንም አልተረታም። ቤልጂየም ሀብታም ስለሆነች ነው አለ። 33ኛው፣ ሞባይል ጠጋኙ፣ ጀርመንስ ድሃ ነበረች ወይ ብሎ ቀለል አድርጎ ዘጋው። መብራት በመጥፋቱ ክሩ እዚያው አደረ። ጠዋት የመጀመሪያው መልእክት የቡናው ሰውዬ ነበር።

35ኛው ላይ አንድ አዲስ ሰው ገብቶ ቁልፍ አቀባዮቹስ ምን ሆኑ ብሎ ጠየቀ። ጋሼ 36ኛው ላይ መለሱ። ፓፐን ኑርምበርግ፣ የናዚ መሪዎች በተዳኙበት ችሎት፣ ቀርቦ በ1946 ነፃ ወጣ። ከዚያ የጀርመን ፍርድ ቤት ስምንት ዓመት ፈረደበት፣ በ1949 ግን ተፈታ። በ1969 አርጅቶ ሞተ፣ 89 ዓመቱ ነበር። ቪክቶር ኢማኑኤል በ1946 ዙፋኑን ለልጁ ለቀቀ፤ በወሩ ጣሊያኖች ንጉሥ አንፈልግም ብለው ድምፅ ሰጡ። ግብፅ ውስጥ በስደት ሞተ።

37ኛው የመኢሶኑ ዘመድ ነው። ከ20ኛው ወዲህ ያልተናገረ ሰው። ቁጣው በርዶ ነበር። የመኢሶኑ መሪ ኃይሌ ፊዳ በ1971 እስር ቤት ተገደለ አለ፤ መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 በአውሮፕላን ወጣ፣ በሌለበት ሞት ተፈረደበት፣ ዚምባብዌ ተቀመጠ። ፓፐን ደግሞ አልጋው ላይ ሞተ። አንድ ዓይነት ስሌት ነው ያልከኝ ሰው፣ ሒሳቡን ለምን አንድ ዓይነት አልከፈሉም አለኝ። ሂትለር ፓፐንን አምባሳደር አድርጎ ወደ ቪየና፣ ኋላም ወደ አንካራ ሰደደው፤ የቅርብ ረዳቶቹን ግን በ1934 አስገድሏቸዋል ብዬ መለስኩለት። 38ኛው ይኸው ነው።

39ኛው የጠያቂው ልጅ ነው። መጋቢት 23 ቀን 1933 ፓርላማው ሥልጣኑን ሲያስረክብ እምቢ ያለ ነበር ወይ አለ። ጋሼ ነበሩ አሉ፤ 444 ደግፎ 94 ተቃወመ። ኮሙኒስቶቹ ታስረዋል ወይም ተደብቀዋል። የካቶሊኮቹ ማዕከል ፓርቲ ተስፋ ተሰጥቶት ደግፏል። 94ቱም ሶሻል ዴሞክራቶች ናቸው፤ አዳራሹን የናዚ ታጣቂ ከቦት ኦቶ ቬልስ ተነስቶ ስለ እነሱ ተናገረ። ዜግነቱን ነጠቁት፣ በ1939 ፓሪስ ውስጥ በስደት ሞተ።

ልጁ የ94ቱን ስም ዝርዝር ለክፍሉ እንደሚፈልገው ጻፈ። ጋሼ እፈልግልሃለሁ ብለዋል፤ የሕግ ተማሪው ደግሞ የ444ቱንም ጨምሩበት ሲል 41ኛው ላይ ጠየቃቸው።